ዶሮዋ ተሰጠች፤ ሽንኩርቱስ?

ለበዓል ዋዜማ አንድ ዶሮ፣ አምስት ኪሎ ዱቄትና ሦስት ሊትር ዘይት የደረሳት እናት ወጥ ደረሳት ማለት አይደለም። ዶሮዋ ወጥ እስክትሆን ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አራት ሰዓት ገደማ የማይጠፋ እሳት፣ እሳቱንም የሚጠብቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ጎንደር ላይ በየበዓሉ በሚዘጋጀው የስጦታ ዝርዝር ውስጥ እነዚህ አራቱ ብዙ ጊዜ አይጻፉም።

“ማዕድ ማጋራት” የሚለው አጠራር በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ በየመገናኛ ብዙኃኑ ከተሰማ ወዲህ ቀበሌውም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ የወጣት ማኅበሩም ለበዓል የሚያደርገውን በዚሁ ስም ይጠራል። ሥራው የሚናቅ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዘይት ሦስት ሊትር ያገኘ ቤት ለአንድ ወር እፎይ ይላል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው የክልሉ ግጭትም መንገድ በዘጋ ቁጥር የገበያውን ዋጋ ያንረዋል፤ ስለዚህ ዕቃ ማደሉ ትርጉም አለው። ብቻ ማዕድ የምንለው ተሠርቶ የቀረበውን ነው። ጥሬው ማዕድ እስኪሆን ያለው ርቀት ደግሞ ሰጪዎቹ ከሚያስቡት ይረዝማል፤ አብሮ ማብሰልና ሙያ ማስተማር የስጦታው አካል መሆን ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የድስቱ ሒሳብ

አንዲት መካከለኛ ዶሮ ወጥ እንድትሆን 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ትፈልጋለች፤ ወፍራም ወጥ የሚወድ ቤት 2 ኪሎ ተኩል ያደርሰዋል። በርበሬ 200 ግራም ገደማ፣ ንጥር ቅቤ 250 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ራስ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ለማጠቢያ አራት ሎሚ፣ ለማውጫው አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ 12 እንቁላል። በከሰል ከተሠራ ከ2 ኪሎ እስከ 2 ኪሎ ተኩል ከሰል ይበላል። ዶሮዋ ቆዳዋ ተገፎ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ስድስት ሰባት ጊዜ ስለምትታጠብ አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን ለዚህ ብቻ ያልቃል። የአንገረብ ግድብ ለከተማው አልበቃ ብሎ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ወጪ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርት ከአሥር እጁ ዘጠኝ የሚጠጋው ውሃ ነው። ከ2 ኪሎ ሽንኩርት ውስጥ ወደ 1.8 ሊትር ውሃ አለ ማለት ነው፤ ይህ ውሃ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ የድስቱ ግለት ከውሃ መፍያ አይዘልም። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ እየተማሰለ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቁላላል። ውሃው ሲያልቅ የድስቱ ድምፅ ይለወጣል፤ መንጨርጨር ይጀምራል፤ ቀለሙም ወደ ቡኒ ይሄዳል። ዘይት የሚገባው ያኔ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፦ እንዳይዘው ፈርቶ ገና ከጅምሩ ዘይት ያፈስሳል፤ የሽንኩርቱ ዳር ይጠበሳል፣ ልቡ ጥሬ ይቀራል፤ ወጡ ሲቀርብ መረቁ ለብቻ ሽንኩርቱ ለብቻ ይሆናል። ሌላው ስሕተት ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ሽንኩርቱን በማሽን መፍጨት ነው። የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ድስቱ እንደ ሾርባ ይፈላና ጭራሽ ጊዜ ይወስዳል።

በርበሬ ሲገባ እሳቱ ይቀንሳል። ግማሽ ሲኒ ውሃ ጠብ እየተደረገ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይማሰላል። ውሃ ካልተደረገለት ያርርና ይመራል፤ ምሬቱን ቅቤም ስኳርም አይመልሰውም። ቶሎ ከተተወ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ የበላውንም ቃር ያስይዘዋል። ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብተው ቁሌቱ ቅባቱን ከላይ ሲተፋ ዶሮዋ ትገባለች። የሐበሻ ዶሮ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ትፈልጋለች፤ የፈረንጅ ዶሮ ከ30 ደቂቃ ካለፈች ከአጥንቷ ትፈርሳለች። ሁለቱን በአንድ ድስት ቀላቅሎ መሥራት በዘመቻ ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ጥፋት ነው፤ ግማሹ ሥጋ ሲያንገራግር ግማሹ ክር ይሆናል። መከለሻው ድስቱ ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይነሰነሳል፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። የተቀቀለው እንቁላል ተልጦ በቢላ ጫፍ አራት ቦታ ሰንተር ይደረጋል፤ አለዚያ መረቁ ውስጡ አይገባም።

ጨውን በተመለከተ ብዙ የማብሰያ ጽሑፎች የሚዘሉት ነገር አለ። የገናም የፋሲካም ዶሮ የሚሠራው ጾም ሳይፈታ ነው፤ ሠራተኛዋ አትቀምስም። የለመደች እጅ በሽታና በዓይን ታውቀዋለች፣ ጀማሪ ግን መለኪያ ያስፈልጋታል። ከላይ ለተጻፈው ልክ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ለጥ ያለ ጨው ይበቃል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ አንድ ብቻ። እርግጠኛ ካልሆኑ ማሳነስ ነው፤ የጎደለ ጨው ሌሊት ጾም ሲፈታ ይጨመራል፤ የበዛው ግን መውጫ የለውም። ጾም ያልጀመረ ሕፃን ጠርቶ ማስቀመስም የቆየ ዘዴ ነው፤ ብቻ ሕፃን ለሁሉም “ይጣፍጣል” ይላል።

ዶሮ በ12 ብልት የምትወጣውም ለወግ ብቻ ተብሎ አይደለም። ፈረሰኛው፣ መላላጫው፣ ክንፉ እያንዳንዱ ባለቤት አለው፤ 12 ብልትና 12 እንቁላል ለ12 ሰው ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ዶሮ ለአንድ ቤት ብሎ ከማደል ይልቅ ሦስት ዶሮ በአንድ ቦታ ተሠርቶ 36 ሰው ቢያበላ ከሰሉም፣ የባለሙያውም ድካም ይቀንሳል። ድስት ትልቅ ሲሆን ከሰሉ በእጥፍ አይጨምርም፤ 6 ኪሎ ሽንኩርት ለማቁላላት የ2 ኪሎው ሦስት እጥፍ እሳት አያስፈልግም።

ሙያው የሚተላለፍበት ቦታ

ሙያ በፊት የሚለመደው በድግስ ነበር። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ሲኖር የሰፈሩ ሴቶች ተጠርተው ይወጣሉ፤ ልጃገረዷ መጀመሪያ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ቀጥሎ ታማስላለች፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይታ ቁሌት ይሰጣታል። ማንም ትምህርት ብሎ አይጠራውም እንጂ ደረጃ ያለው ትምህርት ነበር። አሁን ድግሱ ለአብሳይ በኮንትራት ይሰጣል፤ እንጀራው ከሱቅ፣ በርበሬና ሽሮው ተፈጭቶ በፌስታል ይገዛል። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚቀበላቸው ወጣቶችና በየሰፈሩ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሠራተኞች ምድጃ አላቸው፤ ሙያው ግን የላቸውም። በሌላ በኩል ተፈናቅለው ወደ ከተማው የገቡ እናቶች ሙያው አላቸው፤ ምድጃና ሽንኩርት ነው ያጡት።

ማብሰያ ትምህርት እነዚህን ሁለቱን ካላገናኘ ትርፉ ግማሽ ነው። በየቦታው የሚታየው የትምህርቱ አደረጃጀት አንዲት የሆቴል ባለሙያ ፊት ቆማ፣ ተረጂ የተባሉት ተደርድረው እንዲያዩ ማድረግ ነው። ሠላሳ ዓመት ወጥ የሠራችን እናት ሽሮ አሠራር አስተምሬ ምስክር ወረቀት ሰጠሁ ማለት አሳፋሪ ነው። ቦታው መገልበጥ አለበት፤ አስተማሪዋ እሷ ትሁን፣ የቀን አበልም ይከፈላት፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ዕቃውን የሚያዋጡት ወጣቶች ይሁኑ። ያኔ ሰጪና ተቀባይ የሚለው ነገር ድስቱ ዙሪያ ይምታታል። ዩኒቨርሲቲው ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን ከከተማው ነዋሪዎች ጋር የሚያዛምድበት “የቃል ኪዳን ቤተሰብ” የተባለው አሠራር ለዚህ የተመቸ በር ነው። በበዓል ቀን ጠርቶ ማብላቱ መልካም ነው፤ በዋዜማው ጠርቶ ማስላጡ ደግሞ ይበልጣል።

ቦታና ዕቃ ከባዶ መግዛት አያስፈልግም። እድሮች ጎላ ድስት፣ ምጣድ፣ ሳህን፣ ወንበርና ድንኳን አላቸው፤ ዕቃው ለቅሶ እስኪመጣ ድረስ መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጣል። ሰንበቴ ቤቶችም እንዲሁ አዳራሽና ጓዳ አላቸው። እድሩ የአባላት ስም ዝርዝር ስላለው ማን ቤት ስንት አፍ እንዳለ ከቀበሌ ይልቅ ያውቃል።

የቡድኑ ልክ 12 ሰው ነው፤ በሦስት ድስት አራት አራት ሆነው። ከዚያ ከበዛ ግማሹ ተመልካች ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ዶሮ አይሠራም። ዶሮ ውድ ስለሆነ የተማሪ እጅ ሲያርበት ሁሉም ይደነግጣል፤ መጀመሪያ ሽሮ ነው። ለ12 ሰው ከ400 እስከ 450 ግራም ሽሮና 3 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። ሽሮው በሚንተከተክ ውሃ ላይ በአንድ ጊዜ ከተደፋ የዱቄቱ ውጫዊ ክፍል ወዲያው በስሎ ውስጡን ይዘጋዋልና ይጓጉላል፤ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ቢገባ ይህ አይመጣም። ከዚያ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በቀስታ ይንተክተክ። ቶሎ የወረደ ሽሮ ሆድ ይነፋል። ሁለተኛው ቀን ምስርና ጎመን፣ ሦስተኛው ቁሌት ብቻ። ዶሮ በአራተኛው።

የዶሮው ቀን ጧት 1 ሰዓት ይጀመራል። እስከ 2 ሰዓት ተኩል ስድስቱ ሽንኩርት ሲከትፉ ስድስቱ ዶሮ ይገፍፋሉ፣ ያጥባሉ፤ ዶሮ የነካ ቢላና መክተፊያ ሳይታጠብ ወደ ሽንኩርቱ እንዳይዞር አንድ ሰው ይመደብ። እስከ 4 ሰዓት ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ እስከ 5 ሰዓት በርበሬው፤ ዶሮው ገብቶ ከ6 ሰዓት በኋላ ይወርዳል። አስተማሪዋ ማማሰያውን ከተማሪው እጅ እንዳትነጥቅ አስቀድሞ ይነገራት። የሚነጥቁት ብዙ ናቸው፤ ተማሪ ሲያሳርር ማየት ለባለሙያ ከባድ ነው። ግን ድምፁ ሲለወጥ መስማት የሚለመደው ራስ ሲያማስል ብቻ ነው።

እንጀራ በአንድ ቀን አይማሩትም። 3 ኪሎ የጤፍ ዱቄት በተመጣጣኝ ውሃና በአንድ ሲኒ እርሾ ተቦክቶ በበጋ ሁለት፣ በክረምት ሦስት ቀን ይቆያል። ላዩ ላይ የቋረው ውሃ ይደፋል። ከዚያ አብሲት፦ ከሊጡ አንድ እጅ ተወስዶ ሦስት እጅ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ትኩሱን የመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፤ አብሲት የተወ ደግሞ ዓይን የሌለው እንጀራ ያወጣል። ሊጡ ኩፍ እስኪል አንድ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ስለሚስብ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ምጣድ በአንድ መስመር መሰካት ቆጣሪውን ይጥለዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተጋገረው ግማሽ፣ ያልተጋገረው ግማሽ ይቀራል። የእንጨት ምድጃና አክንባሎ በመጠባበቂያነት ይኑር።

ሁለት እርድ በአንድ ከተማ

ጎንደር ላይ ማዕድ ማጋራት ሲታሰብ የማይዘለል ጉዳይ አለ። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ከጥንት የሙስሊም ሰፈር ከሆነው ከአዲስ ዓለም ጎረቤት የሆነ እድር በገና ዶሮ ወጥ ሠርቶ ለሁሉም ቤት ሲያዞር፣ ለሙስሊሙ ጎረቤት የሚተርፈው ይሉኝታ ብቻ ነው፤ አይመልሰው ነገር ያፍራል፣ አይበላው ነገር አይሆንለትም። መፍትሔው አዲስ አይደለም፤ አዋቂዎች ሲያደርጉት ኖረዋል። ሥጋ ከሆነ በቁሟ መስጠት ነው፤ ዶሮዋን ወይም በጉን ራሱ ያርዳታል። አለዚያ ስኳር፣ ቡና፣ ዱቄት፣ ለረመዳን ደግሞ ቴምር። አብሮ መብላት ከተፈለገ የጾም ምግብ ሁሉንም ያግባባል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ማንም አያረክሰውም። ድስቱ ግን ለሥጋ ያልዋለ ይሁን፤ የእድር ጎላ ከሆነ ለዚሁ የተለየ አንድ ቢኖር ጥያቄውን ሁሉ ያቀለዋል። የማብሰያ ትምህርቱ የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ከሥጋ ነጻ የሆኑት በዚህም ምክንያት ነው።

ከሙስሊሙ ሥርዓት ደግሞ የአሰጣጥ ትምህርት ይገኛል። ዘካተል ፊጥር፣ ማለትም በረመዳን ፍጻሜ ለድሃ የሚሰጠው ምጽዋት፣ የሚሰላው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ቁና፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚደርስ የአገሩ ቀለብ ይወጣል፤ ከኢድ ሶላት በፊትም ተቀባዩ እጅ መግባት አለበት። ልኩም ሰዓቱም የተወሰነ ነው። በቤት ቁጥር የሚታደለው የበዓል ጥቅል ግን ሰባት ልጅ ላላትም፣ ለብቻዋ ለምትኖርም አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም በዋዜማው ከሰዓት ነው፤ ሽንኩርት በጣም በተወደደበት ሰዓት።

የቅርጫው 21ኛ መደብ

በሬ ተጋዝቶ በቅርጫ መካፈል ለስጦታ ከዶሮ የተሻለ ሒሳብ አለው። 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ ከነአጥንቱ ወደ 150 ኪሎ ሥጋ ይሰጣል። ለ20 ሰው በ20 መደብ ሲካፈል ለአንዱ 7 ኪሎ ተኩል ይደርሰዋል። በ20 ሰው ተገዝቶ 21 መደብ ቢመደብ ደግሞ ለአንዱ 7 ኪሎ ከ140 ግራም ገደማ፤ እያንዳንዱ የሚያጣው 360 ግራም ነው። ማንም ሳይጎዳ ለአንድ ቤት 7 ኪሎ ሥጋ ተረፈ። ብቻ 21ኛው መደብ እንደሌሎቹ ከሽንጡም፣ ከታላቁም፣ ከጉበቱም ተመድቦ ዕጣ ይውጣበት። ዕጣ ሳይወጣ “የድሃው” ተብሎ ለብቻ የተቀመጠ መደብ ቀስ በቀስ አጥንትና ጨጓራ እየሆነ እንደሚሄድ ቅርጫ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል።

7 ኪሎ ጥሬ ሥጋ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ግን የአንድ ቀን ተኩል ዕድሜ ነው ያለው። እዚህ ላይ ነው ከሥጋው ጋር ሙያው አብሮ መሄድ ያለበት። ግማሹ በዕለቱ ይበሰላል። ግማሹ ቋንጣ ይሆናል፤ ስብና ጅማቱ ወጥቶ እንደ ጣት ቀጥኖ በረጅሙ ይዘለዘላል፣ ጨውና በርበሬ ይለወሳል፣ ነፋስ በሚመላለስበት ጥላ ሥር ሳይነካካ ይሰቀላል። ጥርና ሚያዝያ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል። ለእንቁጣጣሽ ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቋንጣው ይሻግታል፤ ለዚያ በዓል ከጥሬ ሥጋ ይልቅ ዱቄትና ቅቤ መስጠት ይሻላል። በየግቢው የሚታረድ ከብት በእንስሳት ሐኪም ስለማይመረመር ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሥጋ ጥሬውን እንዳይበላ መንገርም ግድ ነው፤ ኮሶ የሚተላለፈው በጥሬው ነው።

ለአብነት ተማሪዎች የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በአቋቋም (በዝማሬና በሽብሸባ) ትምህርት ምስክርነቱ የታወቀው የበአታ ቤተ ክርስቲያንና ሌሎቹ የጎንደር አድባራት አካባቢ ያሉ የቆሎ ተማሪዎች “በእንተ ስማ ለማርያም” ብለው የሚለምኑበት ደጅ በብረት በር እየተዘጋ ነው። ለበዓል ብዙ ወጥ በአንድ ቀን ወስዶ ማፍሰሱ አይጠቅማቸውም። ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ግን ወር ያቆያል። ተራርፎ የሻገተ እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ “ድርቆሽ” ብሎ መውሰድ አለ፤ ሻጋታው ሲደርቅ አይጠፋም። ድርቆሽ የሚሆነው በተጋገረ በማግስቱ ተቆራርሶ የተሰጣው ነው።

መንገድ ላይ የሚበላሸው

ተሠርቶ የሚዞር ምግብ ጠላቱ ለብታ ነው። ወጥ ትኩስ ሆኖ፣ ማለትም እጅ የማያስነካ ሆኖ መድረስ አለበት፤ በወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተበላ እንደገና እስኪንተከተክ ይሞቃል። በጣም የተለመደው ጥፋት 30 ሊትር ትኩስ ወጥ በባልዲ ከድኖ ማሳደር ነው፤ መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ስለሚያድር ጧት ይሸታል። ማደር ካለበት በትንንሽ ድስት ተከፋፍሎ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቀዝቅዝ። እንጀራም ትኩሱን በፌስታል ከታሸገ ያልበዋል፤ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ሰፌድ ላይ በርዶ ነው የሚታሸገው።

55 ቀን የዓቢይ ጾምን የጾመ ሆድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅቤ የበዛበት ወጥ ሲገባበት ይታወካል። በፊት ጾም ሲፈታ ተልባ ይቀድም የነበረው ለዚህ ነው። በስጦታው ላይ ግማሽ ኪሎ ተልባ መጨመር ምንም አይከብድም፤ የሚጨምረው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከሰል የሚሰጥ ደግሞ አብሮ ቃል ይስጥ፦ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ በርና መስኮት ዘግቶ ማንደድ ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ምድጃውም ሰውም ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አዳራሽ ውስጥ በሦስት ማንደጃ የሚሰጥ ትምህርትም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም።

ፎቶውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዶሮ ይዞ ካሜራ ፊት የቆመ አባወራ ልጆቹ ትምህርት ቤት ምን እንደሚባሉ ያውቃል።

የጊዜው አደላደል ግን ሊዘረዘር ይገባዋል፤ ሳይጨመርበት ብዙ የሚያሻሽለው እሱ ነውና። ሽንኩርት ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ ቦታ ላይ አንድ ወር ያህል ይቆያል፤ በርበሬና ንጥር ቅቤ ወራትም ይቆያሉ። ዶሮ ግን አምስት ቀን ቀድማ አንዲት ክፍል ቤት ከገባች ቀለብም ጣጣም ነች። ስለዚህ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤና ከሰል ከበዓሉ አሥር ቀን በፊት፣ ዋጋው ሳይንር ተገዝቶ ይታደል፤ ዶሮዋ በዋዜማው ጧት ትድረስ፣ ከሰዓት አይደለም። ገናና ጥምቀት በ12 ቀን ልዩነት ስለሚመጡ የጥምቀቱን ሽንኩርት ከገናው ጋር ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል፤ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ በዚያ ሳምንት ወደ ከተማው የሚገባው እንግዳ ገበያውን ስለሚያነሣው ጥር 9 እና 10 ላይ ለእድር ዕቃ መግዛት ኪሳራ ነው። ገንዘብ በቴሌብር መላክም ይቻላል፤ ጥሩ የሚሆነው ገበያው ሲሠራ፣ መንገዱ ሲከፈትና ተቀባዩ የራሱ ስልክ ሲኖረው ነው።

የመጨረሻው የእድሩ ዕቃ ነው። ያረረ ጎላ በቢላ አይፋቅም፤ ውሃና አመድ ተሞልቶ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ጧት በቀላሉ ይለቃል። የወጣው ሳህን፣ ጭልፋና ድስት በመዝገብ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የጎደለውን ማን እንደሚተካ አስቀድሞ ይጻፍ። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት ከእድሩ ዳኛ እጅ ይወሰድ፤ ዳኛው ለበዓል ወደ ገጠር ሊወርዱ ይችላሉ።